ከቋጥኝ እስከ ቋጥኝ መዋኘት

ዋና የተማርኩት ሠላሳዎቹን ካጋመስኩ በኋላ ነው። አዲስ አበባ አስተማሪ ሆኜ ስኖር ወገቤን ክፉኛ አመመኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ "ውሃ ውስጥ ብትገቢ ጥሩ ነው፤ ዋና ትችያለሽ?" አለኝ። የሰቆጣ ልጅ መሆኔን ነገርኩት። ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ገብቶኛል፤ እኛ አገር ውሃ የሚፈለግ ነገር እንጂ የሚዋኙበት ነገር አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ተማርኩ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በታክሲ የሚደረስበት የሕዝብ መዋኛ ነበረ። ግድግዳው ላይ ደንቡ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ ቀኝዎን ይዘው ይዋኙ፤ ጫፍ ላይ አይቁሙ፤ ቀስ ብለው የሚዋኙ የዳሩን መስመር ይያዙ። ደንቡን አንብቤ የምፈጽመው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ወፍራም ሰውዬ መሃል ለመሃል ገብቶ ውሃውን እንደ አውድማ ይወቃዋል፤ ባለፈ ቁጥር አንድ ጉንጭ ያስጠጣኛል። ሁለት ጓደኛሞች ደግሞ ልክ እኔ የምዞርበት ጫፍ ላይ ግድግዳውን ይዘው ስለ ሰው ሠርግ ያወራሉ። "ይቅርታ" ስላቸው "እለፊ፣ እለፊ" ይሉኛል፤ ግን አይነቃነቁም። በየት በኩል እንደማልፍ እነሱም አያውቁትም። እንዲህ ወገቤ እየዳነ፣ ንዴቴ እየባሰ ብዙ ዓመት ዋኘሁ።

አባቴ ሲያርፍ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ዝውውር ጠይቄ ሰቆጣ ተመለስኩ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር፤ ተማሪዎቼን ወደድኳቸው፤ ግን ዓመት ሳይሞላ ወገቤ ተመልሶ ያዘኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠረጴዛውን እደገፍ ነበር። ይህን ያየች እናቴ ናት ስለ ወንዙ የነገረችኝ።

"ከከተማው ወደ ታች ስትወርጂ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት አለ። ክረምት ካለፈ ውሃው ይጠራል። ጥልቅ ነው፤ ልጅ ሆነን እዚያ እንዳንሄድ እንከለከል ነበር።"

እሷ የተከለከለችበት ቦታ ለእኔ ተስማሚ መሰለኝና በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ወረድኩ። ወንዙ ከላይ በጠባብ አለት መሃል ይመጣና ሁለት ትልልቅ ቋጥኞች መሃል ሲደርስ ያርፋል። ከአንዱ ቋጥኝ እስከ ሌላው ያለው ርቀት አዲስ አበባ ካለው መዋኛ ግማሹን ቢሆን ነው። ውሃው ዳር ዳሩን ደረት ድረስ ይመጣል፤ መሃሉ ከሰው ቁመት ያልፋል። በአንድ በኩል ደለል ነው፤ ማዶውን የዋርካ ሥር ይዞታል፤ ከሥሩ ሥር ድንጋይ ተነጥፏል።

ስደርስ ቦታው ባዶ አልነበረም። ሥርዓት እንዳለውም ያን ቀን አላወቅሁም። ከጠባቡ አለት በላይ የሚጠጣ ውሃ ይቀዳል። ሁለቱ ቋጥኞች መሃል ገላ ይታጠባሉ። ከዚያ በታች ልብስ ይታጠባል። ከልብሱ በታች ከብትና ፍየል ይጠጣል። ማለዳው የሴቶች ነው፤ ወንዶች ከቀትር በኋላ ነው የሚመጡት። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም፤ የማያውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እጅጌው ረጅም የሆነ ቲሸርትና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ለብሼ፣ የዋና መነጽሬን አድርጌ ገባሁ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እጃቸውን ከሳሙናው አንስተው ተመለከቱኝ። ውሃው አጥንት ይቆረጥማል። ከአንዱ ቋጥኝ ተነስቼ ሁለተኛውን ነካሁ፤ ዞሬ ተመለስኩ፤ ደግሞ ሄድኩ። ወገቤ እየላላ ሲመጣ በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። የጮኸው ግን ሌላ ሰው ነው።

"አንቺ ሴትዮ! አንቺ!"

ቀና ስል አንዲት ሴት ነጭ ጋቢ በሁለት እጇ ዘርግታ ቆማለች። ጋቢው የሻይ መልክ ይዟል። በደለሉ በኩል ስዋኝ እግሬ ጭቃውን እያነሳ ወደ ታች ይልከዋል፤ እነሱ የሚያለቀልቁት በእኔ ጭቃ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁ። "ይቅርታሽ ጋቢ ያነጣል?" አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ለጎረቤቷ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "እኔ ጤነኛ አልመሰለችኝም። የሆነ ነገር እኮ ነው የሚያመላልሳት። ጠበል ቢወስዷት ነው የሚሻላት" አለች።

ያን ጊዜ ከሁለተኛው ቋጥኝ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ዞሬ ሳይ፣ ስመላለስ ልብ ያላልኳቸው፣ አንገታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ የቆሙ አንዲት ባልቴት አየሁ። ነጭ ቀሚሳቸው ዙሪያቸውን ተነፋፍቶ ተንሳፍፏል፤ ራሳቸውን በሻሽ አስረዋል፤ የምንኩስና ቆባቸው ታጥፎ ደረቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ነው የመነኮሱት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ውሃው ያቀልላቸዋል፤ ከኪዳን ጸሎት በኋላ በየማለዳው ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን የገባኝ ሁሉም እማሆይ እንደሚሏቸውና እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም እንደሚል ብቻ ነበር።

"ምን ጠፋብሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"ምንም አልጠፋብኝም፣ እማሆይ።"

"ታዲያ ምን ፍለጋ ትመላለሻለሽ? ማዶ ከደረስሽ ደረስሽ ነው። አንድ ሰው ተከዜን የሚዋኘው ማዶ ገበያ ሲኖረው ነው። አንቺ ትደርሽና መልሰሽ ትመጫለሽ።"

ስለ ወገቤ ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውንም ጨምሬ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና መጀመሪያ በኽምጣኛ ለሴቶቹ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ለእኔ ፈረዱ። የአፍ መፍቻቸው ኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን የሚናገሩት እንደ ንባብ ረጋ ብለው ነው።

"ይቺ ጤነኛ ናት፤ ወገቧን ነው የሚያማት። ልብስ የሚለቀለቅ ካለ እግርሽን አታንሺ፤ ጠብቂ። ሲያበቃ በዋርካው በኩል፣ ድንጋዩ ባለበት ተመላለሺ፤ እዚያ ጭቃ የለም። እናንተም ሳሙናችሁን ከቋጥኙ በላይ እንዳታመጡባት።"

በቃ፣ መስመሬ ተሰጠኝ። እንደ አዲስ አበባው ደንብ ግድግዳ ላይ ባይለጠፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ደንብ የጣሰ አላየሁም። ቀስ በቀስ የበዓላቱን ቀን ለይቼ ያዝኩ። በሚካኤልና በማርያም ቀን ልብስ የሚያጥብ ስለሌለ ውሃው ሙሉ ማለዳ የእኔ ነው። በዓል ቀን መዋኘት ሥራ ይሆን እንደሆነ አንድ ጊዜ እማሆይን ጠየቅኋቸው።

"ምን ያወጣልሻል?" አሉኝ።

"ምንም።"

"እንግዲያው ሥራ አይደለም።"

ችግሬ ከእሳቸው ከራሳቸው ጋር ነበር። የሚቆሙት ልክ እኔ የምዞርበት ቋጥኝ ሥር ነው። እጄን ዘርግቼ ድንጋዩን እነካለሁ ስል ቀሚስ እጨብጣለሁ። "እማሆይ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ" ስላቸው "እሺ ልጄ" ይሉና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላሉ፤ ደርሼ ስመለስ እዚያው ናቸው። ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፈው እዚያ ድንጋይ ላይ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ቢሆንም ውሃ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ፣ ማንም ሳይሰማኝ፣ ብዙ ጊዜ ተነጫንጫለሁ።

ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ የእማሆይ የእህት ልጅ ነበረች። እዚሁ ዋግ ውስጥ ዝቋላ ወረዳ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ቤይሩት ሄዳ፣ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። እማሆይ ቤት ነው የተቀመጠችው። ብዙ አትናገርም። እኔ ስዋኝ ግን እጇ ሥራ ይፈታል። አንድ ቀን ከውሃው ስወጣ ልብሷን እየጠመዘዘች፣

"ጭንቅላትሽን በጣም ታነሺዋለሽ" አለችኝ።

"ምን?"

"ስትተነፍሺ ቀና አትበይ። ወደ ጎን ነው የሚዞረው። አሠልጣኙ ለልጆቹ እንደሱ ይላቸው ነበር።"

የት እንዳየች ጠየቅኋት። የማዳሟ ግቢ ውስጥ መዋኛ ነበረ። ልጆቹ ሲማሩ ፎጣ ይዛ ዳር ላይ ትቆማለች፤ ማታ ማታ የወደቀውን ቅጠል በመረብ ታወጣለች። አሠልጣኙ የሚለውን ሁሉ በአረብኛ በቃሏ ይዛዋለች።

"አንቺስ ትዋኚ ነበር?"

"እግሬን እንኳ አስገብቼ አላውቅም። ማዳም ውሃው ይቆሽሻል ትል ነበር።"

ይህን ያለችው ያለ ምሬት፣ የአየር ጠባይ እንደምትነግረኝ አድርጋ ነው። ልብሱን አብረን ጨመቅን። ከዚያ፣ "ይኼኛው አይቆሽሽም፤ ነይ ግቢ" አልኳት።

ቀሚሷን ወገቧ ላይ አስራ ገባች። የምታውቀው ሁሉ ውሃው ደረቷን ሲነካ ጥሏት ሄደ። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ በኽምጣኛም፣ በአማርኛም፣ በአረብኛም ማርያምን ጠራች። ሁለታችንም ውሃ ጠጣን። ሴቶቹ ዳር ላይ ሆነው በሳቅ ፈነዱ፤ እማሆይ ብቻ "አትሳቁባት! መጀመሪያዋ ነው!" ብለው ተቆጡ። በማግስቱ ግን ከእኔ ቀድማ ደረሰች። በማግስቱም እንዲሁ። ገና ኅዳር ሳያልቅ ከዋርካው ሥር ተነስታ እስከ መሃል ትደርሳለች፤ ከዚያ ትደነግጥና የእኔን እግር ትይዛለች። አንድ ጠባብ መስመር ለሁለት ስንካፈል ቀኝሽን ያዢ እላታለሁ፤ ቀኟ ስትመለስ ግራ እንደሚሆን ለማስረዳት ውሃ ውስጥ ቆመን ስንት ተከራከርን። ጥርሷን ነክሳ ስትዋኝ ክርኗ ጎኔን ይመታኛል። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ልብሴን ለብሼ የምወጣበት ነገር ነው። እዚህ ግን ቆሜ እስቅ ነበር።

ይህን ሁሉ እማሆይ አንገታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው ሲያዩ ከረሙ። አንድ የበዓል ቀን ሦስታችን ብቻ በነበርንበት፣

"እኔስ?" አሉ።

"እርስዎ ምን፣ እማሆይ?"

"እኔ እንደናንተ መሯሯጥ አልፈልግም። መተኛት ነው የምፈልገው። ሰው ውሃ ላይ ይተኛል ሲሉ እሰማለሁ።"

የእህታቸው ልጅ ደነገጠች። "እማሆይ፣ ይተውት! አንድ ነገር ቢሆኑ ዘመድ ምን ይለኛል?" አለቻቸው።

"አንቺ ገብተሽ የለ? ጉልበቴ ነው እንጂ ነፍሴ አላረጀችም።"

ውሃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ በሁለት ጎናቸው ቆምን። እኔ መዳፌን ከጀርባቸው ሥር፣ ልጅቷ ከአንገታቸው ሥር አደረግን። በጣም ቀላል ነበሩ። ተንጋለው እግራቸው ከመሬት ሲለቅ "አበስኩ ገበርኩ!" አሉና ክንዴን ያዙ፤ ጥፍራቸው የገባበት ብዙ ቀን ቆየ።

"ልቀቂኝ" ይላሉ። እጄን ላላ ሳደርግ "አትልቀቂኝ!" ይላሉ።

"ሆድዎን ወደ ላይ ይስጡት፣ እማሆይ። ሰማዩን ይዩ።"

"ጆሮዬ ሊገባ ነው።"

"ይግባ፤ ምንም አይልዎትም።"

ጆሯቸው ገባ። ዓይናቸው ፈጠጠ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ፊታቸው ላላ። ትንፋሻቸው ረጋ ሲል ልጅቷን በዓይኔ ጠቀስኳትና ሁለታችንም እጃችንን አወረድን። እማሆይ አላወቁም። ነጭ ቀሚሳቸው ዙሪያቸውን ተዘርግቶ፣ እጃቸው ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ ውሃው ላይ ቀሩ።

"ዝም አለ" አሉ ጮክ ብለው፤ ጆሯቸው ስለተደፈነ ድምፃቸውን አልመጠኑትም። "ሁሉም ዝም አለ እኮ! ጉልበቴም ዝም አለ!"

የእህታቸው ልጅ አፏን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም።

ደስታው ደስታ ነው፤ መዘዙ ግን መስመሬ ላይ ወደቀ። እማሆይ መንሳፈፍ ከቻሉ ወዲህ ቋጥኙ ሥር መቆም ተዉ። አሁን ተንጋለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ውሃው ወደ ወሰዳቸው ይሄዳሉ። ውሃው ደግሞ የሚወስዳቸው ወደ እኔ ነው። የቆመ ሰው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ተንሳፋፊ ሰው ግን በምን ይታወቃል? እጄን ወርውሬ ስመጣ ጭንቅላታቸውን እመታለሁ። ይነቁና "ማነው?" ይላሉ።

"እኔ ነኝ፣ እማሆይ። መስመሬ ላይ ነዎት።"

"እኔ ምን አደረግሁ? ውሃው ነው ያመጣኝ።"

አንድ ቀን ጸሎቱን ሳይጨርሱ ሁለቱን ቋጥኞች አልፈው ልብስ ማጠቢያው ጋ ደረሱ። ሴቶቹ አንሶላ እንደሚያወጡ እጅና እግራቸውን ይዘው አወጧቸው። ያን ቀን ነው የእህታቸው ልጅ መላ ያገኘችው። መቀነቷን ፈታች፤ አንዱን ጫፍ ከዋርካው ሥር፣ ሌላውን ጫፍ ከእማሆይ ወገብ ጋር አሰረችው።

እማሆይ የታሰሩበትን ቋጠሮ አዩ፤ እኔን አዩ። "እንደ ፍየል አሰራችሁኝ" አሉ።

"ለጊዜው ነው፣ እማሆይ" አልኩ አፍሬ።

"ተይው ጥሩ ነው። ፍየልስ የት ትሄዳለች ብሎ የሚሠጋላት ሰው ስላላት አይደል የምትታሰረው?" ብለው ተንጋለሉ። መቀነቱ እስኪወጠር ድረስ ሄደው ቆሙ፤ ከእኔ መስመር አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስመላለስ በስተግራዬ የጸሎታቸው ድምፅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ጆሮዬ ከውሃ ሲወጣ አንድ ቃል፣ ሲወጣ ሌላ ቃል።

በልግ ሲመጣ አንዲት አዲስ ነርስ ወደ ከተማው ተዛውራ መጣች። የመጀመሪያ ቀኗ ነውና ምንም ሳታውቅ ሳሙና ይዛ ከላይኛው ቋጥኝ አጠገብ ገብታ ፀጉሯን ማጠብ ጀመረች። አረፋው በእኛ በኩል መጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት እማሆይ በታሰሩበት ሆነው ዓይናቸውን ገለጡ።

"አንቺ ልጅ! ይኼ መመላለሻ ነው! ሳሙና ወደ ታች! ልትዋኚ ከሆነ ቀኝሽን ያዢ!"

ነርሷ በመቀነት የታሰሩ መነኩሲት ውሃ ላይ ተኝተው ሲቆጧት ሳሙናው ከእጇ ወደቀ። ይቅርታ እያለች ወደ ታች ወረደች። አሁን ጓደኛሞች ነን፤ ያን ቀን ባሰበች ቁጥር ትስቃለች።

የእማሆይ የእህት ልጅ እግሬን መያዝ ትታ ከቋጥኝ እስከ ቋጥኝ ብቻዋን መመላለስ በቻለችበት ጊዜ ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ቀይ ሆኖ ሞላና ሁላችንም ከመግባት ተከለከልን። በዚያው ክረምት የእማሆይን የእህት ልጅ ደላላ መጣባት፤ እንደገና ውጭ ልትሄድ ነው ተባለ። እማሆይ ምግብ አልበላ አላቸው። እሷ ግን ብዙ አሰበችና ቀረች። አምደወርቅ ከተማ ወንድሟ ሱቅ አለው፤ እዚያ ገብታ መሥራት ጀመረች። ስሰናበታት "እዚያስ ውሃ አለ?" አልኳት። "ለመጠጥ ከበቃን እሰየው ነው" አለችኝ።

ከመስቀል በኋላ ውሃው ጠርቶ ስንወርድ ቦታው ተለውጦ አገኘነው። ጎርፉ የደለሉን በኩል ጠርጎ ወስዶታል፤ ውሃው ሰፍቷል፤ እማሆይ ይቆሙበት የነበረው ቦታ አሁን ጥልቅ ነው። ማን በየት በኩል እንደሚሆን ከአጣቢዎቹ ጋር ሙሉ ማለዳ ተነጋገርን። ጋቢዋን ያጨቀየሁባት ሴት ራሷ ናት፣ "አስተማሪዋ በዚህ በኩል ትሂድ፣ ረዘም ይልላታል" ያለችው።

በጥር አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ብቻዬን ስመላለስ አንድ እጅ እግሬን ነካኝ። ደንግጬ ቆምኩ። የእማሆይ የእህት ልጅ ናት፤ ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጥታ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ወንዙ ወርዳለች።

"ምነው፣ አመመሽ?" አልኳት።

"አላመመኝም። አሠልጣኙ ይል ነበር፤ ከኋላ ያለው ሲፈጥን የፊተኛውን እግር ይነካል። ቋጥኙ ጋ ስትደርሺ ታሳልፊኛለሽ ማለት ነው።"

"አንቺ ነሽ ከእኔ የምትፈጥኚው?"

"ኧረ አሳልፊያት!" አሉ እማሆይ ከዳር ሆነው፤ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር። "ልጅቱ ከሩቅ ነው የመጣችው!"

ቋጥኙ ጋ ስደርስ ወደ ጎን ሆንኩላት። ጭንቅላቷን ወደ ጎን እያዞረች እየተነፈሰች፣ ውሃውን ሳትረብሽ አልፋኝ ሄደች። ልከተላት ሞከርኩ፤ አልደረስኩባትም።